ብርድ ልብስ የለበሰው ሳጥን

የሺዓለም ፍርሃት መቼ እንደጀመራት ብትጠየቅ በደንብ ታውቀዋለች። ባሏን ደገፋን ከጸሎት ቤት ጎትተው የወሰዱት ዕለት ነው። ሰውየው ክረምቱን እስር ቤት ከርሞ ተመለሰ፤ ጸሎት ቤቱም ታሽጎ የእህል መጋዘን ሆነ፤ ፍርሃቱ ግን እሷ ውስጥ ቤት ሠርቶ ቀረ። በር ሲንኳኳ ልቧ ስንጥቅ ይላል። ከቢሾፍቱ የሚነሱት አውሮፕላኖች በሚኖሩባት ከተማ፣ በዓለም ጤና ላይ ሲያልፉ የያዘችውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ትቆማለች። ደገፋ «ሂን ሶዳቲን» ይላታል፤ አትፍሪ ማለቱ ነው። በኦሮምኛም በአማርኛም ነግሯታል፤ በሁለቱም አልሰማችውም።

ከሁሉ የሚያስፈራት ደግሞ ጓዳዋ ውስጥ የተቀመጠው ሳጥን ነበር። ሳጥኑ ባይኖር ልጇ አትኖርም፤ ሳጥኑ ስላለ ደግሞ እሷ እንቅልፍ የላትም። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ላይ ሲመጣ እንግዲህ ምን ይደረጋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሪያቸው ላይ ጥቁር መስታወት የሚመስሉ ሁለት ሰሌዳዎች ተጋድመዋል፤ ሥራቸው ፀሐይ መሰብሰብ ነው። የሰበሰቡትን በሽቦ ወደ ጓዳ አውርደው በከባድ መኪና ባትሪዎች ውስጥ ያጠራቅማሉ። ሳጥኑ፣ ደገፋ ኢንቨርተር የሚለው ግራጫ ብረት፣ የባትሪውን ኃይል እንደ ከተማ መብራት አድርጎ ለአንዲት ትንሽ ፍሪጅ ይሰጣል። ፍሪጇ ውስጥ የሎሚ መድኃኒት አለ። ሎሚ አንድ ልጃቸው ናት፤ በስምንት ዓመቷ የስኳር በሽታ ይዟት ለጥቂት ተረፈች፤ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። መድኃኒቱ ሙቀት አይችልም። ዓለም ጤና ደግሞ ቅቤ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀልጥበት አገር ነው፤ የመብራት ምሰሶውም እነሱ ሰፈር ሳይደርስ መንገድ ላይ ደክሞት ቀርቷል።

ዕቃውን የሰጧቸው የሚስዮን ክሊኒኩ ፈረንጆች ናቸው። አገር ለቀው ሲሄዱ «የሚንከባከበው አንተ ነህ» ብለው ለደገፋ ተዉለት። ደገፋ ግን መልካሳ የሚባል ቦታ ባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ መካኒክ ነው፤ ሳምንቱን እዚያው ውሎ አድሮ ቅዳሜ ይመጣል። ስለዚህ የሳጥኑ ጠባቂ የሺዓለም ሆነች።

መጀመሪያ ሰሞን ሳጥኑን በዳንቴል አልብሳው ነበር። ምን ታድርግ፣ በዓለም ጤና ክብር ያለው ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ሬዲዮው ዳንቴል አለው፣ ቴርሞሱ ዳንቴል አለው፣ አንዳንዱ ቤትማ የወንበሩ መደገፊያ ከባለቤቱ የተሻለ ለብሶ ይታያል። ደገፋ ቅዳሜ መጥቶ ሲያየው ጮኸ።

«ምን አድርገሽዋል? ልታፍኚው ነው?»

«አቧራ እንዳይነካው ብዬ ነዋ! እንግዳ ቢመጣ ምን ይለኛል?»

«እንግዳ ጓዳሽ ምን ሊሠራ ይገባል? ይሄ ነገር ሲሠራ ይግላል፤ በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ካልተነፈሰ ይቃጠላል። ከተቃጠለ ደግሞ መለዋወጫ የለውም፤ ያመጡት ሰዎች ሄደዋል።»

ከዚያ ቁጭ አድርጎ አስተማራት። ግድግዳው ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት በኩል አየር እንዲገባ፣ መስኮቷ ላይ የተሰቀለው ጆንያ በቀትር ውሃ እንዲረጭ፣ ውሃው ግን ባትሪ አጠገብ ጠብ እንዳይል። የሙቀት መለኪያዋ ከሳጥኑ ጎን ተለጥፋለች፤ ቀይ ቀለም የቀባበት ጋ ከደረሰች ሳጥኑን ማጥፋት ነው። «ማጥፋቱን አትፍሪ» አላት። «ፍሪጇ እስካልተከፈተች ድረስ ቅዝቃዜዋን እስከ ማታ ትይዛለች። ማጥፋት እንጂ መሸፈን የለም።»

እሷም ተማረች። የባትሪውን መጠን የሚያሳየውን መርፌ በጠዋት ታያለች፣ በቀትር ታያለች፣ ሲመሽ ታያለች። ደመና የዋለ ቀን ፊቷም አብሮ ይጠቁራል። የሳጥኑ ማራገቢያ እንደ ንብ እምምም ስትል ልጇ የምትተነፍስ ይመስላታል። ግን ደግሞ ያው ድምፅ ያስፈራታል፤ ማታ ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል መንገድ ድረስ ይሰማል። ሰው ምን ይላል? ጣሪያ ላይ መስታወት፣ ጓዳ ውስጥ አረንጓዴና ቀይ መብራት ያለው የሚያፏጭ ብረት፣ ባለቤቱ አንድ ጊዜ የታሰረ ጴንጤ፤ ከዚህ በኋላ ለወሬ ምን ይጎድለዋል?

የፈራችውም መጣ። የመስከረም ዝናብ ካባራ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ጎረቤቷ እትዬ ወርቅውሃ ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው እየሰበሰቡ በጓሮ በኩል ገቡ። እትዬ ወርቅውሃ ወሬ ሲይዙ በዋናው በር አይገቡም።

«የሺዬ፣ ቤት ነሽ? ሰማሽ ወይ?»

«ምኑን እትዬ?»

«ሰብስቤ ጠየቀኝ። አሁን ወፍጮ ቤቱ ጋ አግኝቶኝ፣ ‹የደገፋ ሚስት ቤት መሣሪያ አለ የሚባለው እውነት ነው?› አለኝ።»

የሺዓለም ክው አለች። ሰብስቤ ማለት የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነው፤ ደገፋን ከጸሎት ቤት ያስወጣውም እሱ ነበር። «እርስዎስ ምን አሉት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አልኩት እንጂ! ምን ልበለው? ግን ልጄ፣ እየመጣ ነው። አንዱን ጠብመንጃ ያዥ አስከትሎ ቤት ለቤት እየጠየቀ ነው። መገናኛ ሬዲዮ የሚፈልጉ መሰለኝ። ባለፈው መቂ አካባቢ ወረቀት ተበተነ ሲባል አልሰማሽም?» አሉና እኔን እዚህ አላየሽኝም ብለው በመጡበት ጓሮ ሾልከው ሄዱ።

የሺዓለም ለጊዜው ጓዳው መሃል ቆማ ቀረች። ደገፋ እንደገና ሲታሰር ታያት፤ ቀጥሎ ራሷ ስትታሰር ታያት፤ ከዚያ ሎሚ ብቻዋን እዚህ ቤት ውስጥ መርፌዋን ይዛ የሚወጋት አጥታ ስትቀመጥ ታያት። ያ የመጨረሻው ሲመጣባት እጇ በራሱ ጊዜ ሥራ ጀመረ። የአልጋዋን ወፍራም ብርድ ልብስ ገፈፈችና ሳጥኑ ላይ ጣለችው። አልበቃትም፤ የክረምቱን ጋቢ ደረበችበት። ትንሿን መስኮት በጨርቅ ደፈነች። ለገበያ የተዘጋጀውን የሽንኩርት ጆንያ ከፊት ከፊቱ ደረደረች። የማራገቢያው ድምፅ ዝግ አለ፤ ከዚያም ጨርሶ የማይሰማ ሆነ፤ እሷም «ተመስገን» አለች።

ማጥፋት ነበረባት። አንድ ቁልፍ ጫን ማድረግ ብቻ ነበር፤ ደገፋ አስተምሯታል፤ እሷም በእንቅልፏ ብትጠየቅ ትመልሰዋለች። ግን ሰው ሲፈራ የሚያውቀውን አይሠራም፤ እጁ የለመደውን ነው የሚሠራ። የእሷ እጅ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደው ውድ ነገርን መሸፈን ነው።

በሩ ተንኳኳ።

ሰብስቤ ከደጃፉ ጎንበስ ብሎ ገባ። ረጅም ሰው ነው፤ ካኪ ለብሷል፤ በግራ እጁ ማንገቻ ያላት ሰማያዊ ሳጥን ይዟል። ጠብመንጃ ያዡ ውጭ ቀረ። «እንደምን ዋልሽ እህት የሺዓለም» አለ። እህት! ይህ ሰው ሌላ ጊዜ «አንቺ ሴትዮ» ነው የሚል። ጨዋነቱ ከስድቡ ይልቅ አስደነገጣት።

«እግዚአብሔር ይመ… ደህና ነኝ። ይቀመጡ ጓድ ሰብስቤ።»

ተቀመጠ። ሰማያዊዋን ሳጥን በጉልበቱ መሃል አድርጎ ውሃ ለመነ። ብርጭቆውን በሳህን አድርጋ ሰጠችው። ውሃውን ቀስ ብሎ ጠጣ። የሚጠጣበት ጊዜ አላልቅ አላት።

«ደገፋ መልካሳ ነው?»

«አዎ፣ መልካሳ ነው። ቅዳሜ ነው የሚመጣው። ምንም ነገር ውስጥ የለበትም፤ ከሥራ በቀር የትም አይሄድም።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እዚህ ቤት መሣሪያ አለ ይባላል። በፀሐይ የሚሠራ።»

«እኛ ቤት? የለም። ምንም የለም።»

«ጣሪያው ላይስ ያለው ምንድን ነው?»

«እሱ… ቆርቆሮው ሲያፈስ ደገፋ የደፈነበት ነው።»

ሰብስቤ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ውጭ ቀትሩ ነዷል፤ ቆርቆሮው ቋ ቋ ይላል። የሺዓለም ጆሮዋን ወደ ጓዳ ጥላለች። ፍሪጇ ስትነሳ ሰማቻት፤ እንደ ወትሮዋ አይደለም፣ ታቃስታለች። የባትሪውን መርፌ ማየት አማራት። የሙቀት መለኪያዋን ማየት አማራት። ከወንበሯ ብትነሳ እንደምትናዘዝ መሰላት፤ እንደ ተቸነከረች ቁጭ አለች።

«እህት የሺዓለም» አለ ሰብስቤ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብትነግሪኝ ይሻላል። ጊዜ የለኝም።»

«በልጄ እምላለሁ፣ ምንም የለም!»

በልጄ ብላ ከመማሏ ጓሮ ስትጫወት የነበረችው ሎሚ በጓዳው በር ብቅ አለች። ቀጭን ልጅ ናት፣ ዓይኗ ትልልቅ። ሰውየውን አይታ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። «እማዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «ጓዳው ይሸታል።»

ሽታው በዚያው ቅጽበት የሺዓለምም ዘንድ ደረሰ። የጎማና የሱፍ ሽታ። ሰብስቤም አፍንጫውን ቀና አደረገ። አሁን ሁለት ነገር ነው ያለው፤ ሁለቱም ጥፋት። ተነስታ ከገለጠችው እስር ቤት። ቁጭ ካለች ሳጥኑ። ሳጥኑ ማለት ፍሪጇ፣ ፍሪጇ ማለት መድኃኒቱ፣ መድኃኒቱ ማለት ይቺ ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው ልጅ።

መነሳቷን እንኳን አላወቀችም። ጓዳ ገብታ የሽንኩርቱን ጆንያ በእግሯ ገለበጠች፤ ሽንኩርቱ በየአቅጣጫው ተንከባለለ። ጋቢውን ጣለች። ብርድ ልብሱ ሥሩ ጠቁሮ ይጨሳል፤ በባዶ እጇ ገፈፈችው። አረንጓዴው መብራት ጠፍቷል። ቀዩ አንዴ ብልጭ አለና እሱም ጠፋ። ሽቦውን ከባትሪው ስትነቅል መዳፏ ተላጠ፤ ሕመሙ የተሰማት ቆይቶ ነው። ያ እንደ ንብ የሚለው ድምፅ የለም፤ ፍሪጇም ዝም ብላለች። የሺዓለም ሽንኩርቱ መሃል ቁጭ አለች።

ሰብስቤ በጓዳው በር ላይ ቆሟል። የጨሰውን ብረት አየ፣ ብርድ ልብሱን አየ፣ ፍሪጇን አየ። ከዚያ ባልጠበቀችው ሁኔታ በሩን ተደግፎ «በቃ፣ አለቀልኝ» አለ።

«ጓድ ሰብስቤ፣ ልጄን ብቻ…»

«ምን አድርገሽ ነው? ለምን ሸፈንሽው?» ሰማያዊዋን ሳጥን ከፍ አድርጎ አሳያት። «ይሄ ክትባት ነው። የጤና ጣቢያው የጋዝ ፍሪጅ ትናንት ተበላሸ። ነገ የወረዳው ሕፃናት ሊከተቡ ይሰበሰባሉ፣ የበላይ አካልም ይመጣል። በረዶው እስከ ማታ አይቆይም። የደገፋ ሚስት ቤት የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አለ ስለተባልኩ ልለምንሽ ነበር የመጣሁት። ልለምንሽ! ለምን የለም አልሽኝ?»

የሺዓለም ቀና ብላ አየችው። መዋሸት ሰለቻት፤ ደግሞስ የሚዋሽለት ምን ቀረ? «ስለፈራሁዎት» አለችው። «ባለቤቴን የወሰዱት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ሲመጡ እኔ ሌላ ምን ላስብ?»

በሰብስቤ ፊት ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ አየች፤ ያንን በደንብ ታውቀዋለች፣ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ ታየዋለች። ሰውየው ፈርቷል። ክትባቱ ቢበላሽ አሻጥር ነው ይባላል፤ አሻጥር ከተባለ ደግሞ አሻጥረኛ ይፈለጋል። ወይ እሱ ነው፣ ወይ መሣሪያውን ሸሽጋ ያቃጠለችው የጴንጤው ሚስት። ሰብስቤ ይህንን ሲያስበው፣ ሲመዝነው፣ እሷ ሽንኩርቱ መሃል ቁጭ ብላ ታየዋለች።

ቀድማ የተናገረችው ሎሚ ናት። «በረዶ አለ አይደል እዚያ ውስጥ?» አለች ሰማያዊዋን ሳጥን እያየች። «መድኃኒቴንም ቢያስገቡልኝ?»

ሰብስቤ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ምንድን ነው መድኃኒትሽ?»

«ኢንሱሊን ነው። ከሞቀ አይሠራም። ካልሠራ እኔ እሞታለሁ» አለች፤ ስሟን እንደምትናገር አድርጋ ነው ያለችው።

ሰውየው ካኪ ኮፍያውን አወለቀ፤ ጠርዙን በጣቱ ሲያዞር ቆየ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቶ ጠብመንጃ ያዡን «እዚህ ምንም አልተገኘም፤ አንተ ቢሮ ጠብቀኝ» ሲለው ተሰማ። ተመልሶ ገባና ያለ ጨዋነትም ያለ ቁጣም «አምጪው» አላት። «በረዶው እንዳይነካው ጨርቅ ጠቅልይበት። አዳማ የሚሄድ የሽንኩርት መኪና አሁን ይነሳል፤ አብረን እንሄዳለን። እዚያ ሆስፒታሉ ማስቀመጫ አለው። ነገ ጠዋት የእኔን ክትባት መልሼ አመጣለሁ። ሰው ቢጠይቅሽ አላየሽኝም፣ አላየሁሽም።»

በመኪናው ጋቢና ውስጥ ሦስቱም ተጣበው ተቀመጡ፤ ሎሚ በእናቷ ጭን ላይ፣ ሳጥኗ በሰብስቤ ጭን ላይ። ሾፌሩ ካኪውን አይቶ ሬዲዮውን ቀነሰ። ሞጆ ኬላ ላይ አንድ ወታደር ሳጥኗን አስከፍቶ ጨርቅ የተጠቀለለውን ብልቃጥ አነሳ፤ «ይሄስ?» አለ። የሺዓለም ሎሚን አጥብቃ ያዘች። ሰብስቤ «ክትባት ነው፤ ሁሉም ክትባት ነው። በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ቶሎ በለን» አለ። ድምፁ የአዛዥ ድምፅ ነበር፤ ጉልበቱ ግን ሳጥኗን እያንቀጠቀጣት ነበር፤ ያን ያየች የሺዓለም ብቻ ናት።

አዳማ ሲደርሱ ሰብስቤ ብልቃጦቹን ከነጨርቃቸው አውጥቶ በእጇ ላይ አስቀመጠ። መዳፏ ስለተላጠ ስትቀበል አቃሰተች። ከዚያ ሳጥኗን ይዞ ወደ ሆስፒታሉ በኩል ፈጥኖ ሄደ።

ታላቅ እህቷ ጥሩነሽ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ግሮሰሪ አላት። መብራት አለ፤ ትልቅ ፍሪጅ አለ፤ ኢንሱሊኑ ከቢራና ከለስላሳ ጎን ቦታ ተሰጠው። የሺዓለም ፍሪጁ ሲያጓራ ሰምታ እዚያው አጠገቡ ተቀምጣ ስታለቅስ ቆየች፤ ጥሩነሽም መዳፏን በቅባት አሸችላት። ሁለቱም ልጅቷ ፊት ያላሉትን ያውቁታል። የተቃጠለው ሳጥን መለዋወጫ የለውም። ደገፋ ቅዳሜ ቢመጣም ሊጠግነው አይችልም። መድኃኒቱ ዓለም ጤና መመለስ አይችልም፤ መድኃኒቱ ያልተመለሰበት ቤት ደግሞ ሎሚ አትመለስም።

ማምሻውን የመመለሻው መኪና ሲደርስ የሺዓለም ልጇን ሁለት እጇን ይዛ ተንበረከከች። ማጽናኛዋን ሁሉ አሰናድታ ነበር። ስታለቅስባት ምን እንደምትላት፣ አንገቷ ላይ ስትጠመጠም እንዴት እንደምታላቅቃት። «ሎሚዬ፣ አክስትሽ ጋ ትቆያለሽ። በየሳምንቱ እመጣለሁ። ሳጥኑ ሲሠራ እወስድሻለሁ።»

ሎሚ አላለቀሰችም። የግሮሰሪው መስኮቶች ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ሬዲዮው ይጮሃል፤ ሰው ይወጣል፣ ይገባል፤ በሩን የሚያንኳኳ እንኳን የለም። ልጅቷ ያንን ሁሉ ዞር ዞር ብላ ስታይ ቆየችና እናቷን አየች።

«እሺ» አለች። ቀጥላም ሊያስከፋት ፈልጋ ሳይሆን፣ ሐኪም ሲጠይቃት የት ጋ እንደሚያማት እንደምትናገረው አድርጋ፣ «እዚህ ይሻለኛል እማዬ። አንቺ ስትፈሪ እኔ መተንፈስ ያቅተኛል» አለች።

የሺዓለም ልታቅፋት የዘረጋችውን እጇን ግማሽ መንገድ ላይ አቆመችው። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ተነሳች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወጥታ ጋቢናው ውስጥ ገባች። መኪናው የአዳማን መብራቶች ጨርሶ ወደ ሜዳው እስኪወጣ ድረስ መስኮቱን አልዘጋችውም።